ባዶ መጋዘን የለም

ኮምፒውተሩ ለአምስተኛ ጊዜ ዜሮ ብሎ መለሰላት።

ማናለብሽ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ እንደ ባላንጣ አፈጠጠችበት። የጠየቀችው ከባድ ነገር አልነበረም። በአዊ ዞን ያሉትን የገበሬዎች ዩኒየኑን አርባ ሦስት መጋዘኖች ቁጠር፤ ከነሱ ውስጥ ዕቃ የተመዘገበባቸውን አውጣ፤ የተረፉትን አሳየኝ። ይኸው ነው። ማንም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በጠጠር ደርድሮ የሚመልሰው ሂሳብ ነው። ዳታቤዙ ግን ከአዘና እስከ ዳንግላ፣ በአገው ምድር ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ባዶ መጋዘን የለም አለ።

ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ደግሞ በወሬ ሳይሆን በዓይኗ ታውቃለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ለቆጠራ ዳንግላ ወርዳ ስድስት ቁጥር መጋዘን ገብታ ነበር። የገዛ ሳሏ ከግድግዳ ግድግዳ ተላትሞ እስኪመለስላት ድረስ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ዳንግላ የተጫነ አንዲት ጆንያ የለም።

እንጅባራ ካለው ቢሮዋ መስኮት በታች አበረ ላስቲክ ተከናንቦ ቆሟል። አበረ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ የድንች ዘር የሚያባዙ የሃያ ስድስት አባወራዎች ተወካይ ነው። ዩኒየኑ «ዘራችሁን ለቅማችሁና መርጣችሁ መንገድ ዳር አውጡልን፤ መጋዘን እናስገባላችኋለን» ብሎ ቃል ስለገባላቸው መቶ አሥር ኩንታል የተመረጠ ዘር አስፋልት ዳር ከምረዋል። ቃል የገባው ዩኒየን አልመጣም። የመጣው ዝናብ ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ክረምቱን ሸኝቶ ከጨረሰ በኋላ፣ የረሳው ዕቃ እንዳለ ሰው ተመልሶ የመጣ ዝናብ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ክምሩን ሲቀጠቅጠው ሰነበተ። የድንች ዘር ከታች ረጥቦ ከላይ በላስቲክ ታፍኖ ሲያድር ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም። አንዱ ይበሰብሳል፤ አንዱ ጆንያውን ያበሰብሳል፤ ጆንያው ክምሩን።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ባንተአምላክ ውሳኔያቸውን ትናንት አስታውቀዋል። ዛሬ እስከ ዐሥር ሰዓት ባዶ መጋዘን ካልተገኘ ዘሩ ለመብል ድንች ሆኖ ለነጋዴ ይሰጣል። የነጋዴው መኪና ተነግሮታል። ያ ከሆነ ሃያ ስድስቱ አባወራ የበልጉን መሬት አርሰው፣ አለስልሰው፣ የሚተክሉት ነገር ሳይኖራቸው ትልሙን ሲያዩት ሊከርሙ ነው። አበረ ይህን ሲሰማ አልጮኸም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ሥር መቆም ብቻ ነው የያዘው። ማናለብሽን ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

አቶ ባንተአምላክ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀል ነበር፤ ክፉ ሰው ይለመናል፣ ይረገማል፣ ይከሰሳል። እሳቸው መመሪያ አክባሪ ናቸው፤ ለዚህ ደግሞ መድኃኒት አልተገኘለትም። ጠዋት ገብታ የዳንግላው ስድስት ቁጥር ባዶ መሆኑን ስትነግራቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት ሲስተሙ ምን እንደሚል ጠየቋት።

«ሲስተሙ ተሳስቷል።»

«ተሳስቻለሁ የሚል ወረቀት አትሞ ይሰጠኛል?»

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ አቶ ባንተአምላክ።»

«ዓይን አይፈርምም» አሏት።

ይህ ቃል የራሷ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚያው ክፍል፣ ያንኑ ጠረጴዛ እየደበደበች የተናገረችው ነው። ያን ጊዜ «ባዶ ቦታ አለ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ የመጋዘን ኃላፊ መልሱን የሚሰጠው መጋዘኑን አይቶ ሳይሆን ጠያቂውን አይቶ ነበር። ለአማቹ በቆሎ ቦታ አለ፤ ለማያውቀው ሰው ስንዴ ቦታ የለም። ለባለሥልጣን ጆንያ መጋዘኑ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ለመበለት ገብስ ሁልጊዜ ጣራው ያፈሳል። ማናለብሽ ይህን ጉድ አንድ በአንድ እየዘረዘረች ከስብሰባ ስብሰባ ተሟገተች። ሲስተሙን ራሷ ሠራችው። መመሪያውንም ራሷ አረቀቀችው። አንቀጽ ሦስት፦ ሲስተሙ ባዶ ነው ያላለው መጋዘን አይከፈትም። አንቀጽ አራት፦ ቦታው ያልታወቀ ዕቃ በመዝገብ ላይ እያለ የትኛውም መጋዘን ባዶ ነው ተብሎ አይፈረምም። ያን ጊዜ ከጭብጨባው በቀር የሰማችው ነገር አልነበረም። ዛሬ በዚያው አንቀጽ አፏን ይዘጉታል። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኸ ነው።

ተመልሳ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ዘመን አቆጣጠሩን ነበር፤ በዚህ አገር ከኮምፒውተር ጋር የሚኖር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው። የእኛን ዓመት ከፈረንጅ ዓመት ያቀላቀለ ቅርንጫፍ ካለ ስምንት ዓመት ወደፊት የተመዘገበ ጆንያ ሊኖር ይችላል። ፈተሸች፤ የለም። ቀጥላ የመጋዘን ቁጥሮቹን ጠረጠረች፤ እነሱም ንጹሕ ናቸው። አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ ነዳጅ የሚጠይቀውን ቅጽ የሚሞላው ሰው ቀብር ሄዷል። በላፕቶፑ ባትሪ ቀጠለች። በዚህ መካከል ሦስት ሰዎች በየተራ አንገታቸውን በበሩ አስገብተው ኮምፒውተሩን አጥፍታ እንድታበራው መከሯት። ሦስተኛውን በሩን አጥፍቶ እንዲሄድ ነገረችው።

በትልቅ ክምር ውስጥ የበሰበሰውን የሚፈልግ ገበሬ ሁሉንም አይዘረግፍም፤ ክምሩን ይከፍላል። እሷም እንደዚያው አደረገች። የአዘናን መጋዘኖችና የአዘናን ዕቃ ለብቻ ለይታ ጠየቀች። ወዲያው ሁለት ባዶ መጋዘን አሳያት፤ ሁለቱም ጠባብ ናቸው፣ ለመቶ አሥር ኩንታል አይበቁም፤ ግን መልስ ነው። እንጅባራን ጠየቀች፤ ጣራውን ነፋስ የገነጠለበትን አንዱን አወጣላት። የአዲስ ቅዳሙም መለሰ፤ አንድ አለ፣ እሱም ኬሚካል ፈስሶበት የታሸገው ነው። ዳንግላን ጠየቀች። ዜሮ።

አገኘሁህ አለች በልቧ።

የዳንግላን ዕቃ በዓይነት በዓይነቱ ከፈለችው። ማዳበሪያ፣ ደህና። የስንዴ ዘር፣ ደህና። የመርጫ መሣሪያ፣ ደህና። «ልዩ ልዩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ዜሮው ተመለሰ። በልዩ ልዩ ሥር ሠላሳ አንድ መስመር አለ። ሃያ ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦

ኮርቻ ከነሙሉ ዕቃው። ብዛት፦ አንድ። ዓይነት፦ አደራ። መዝጋቢ፦ ይኸነው። ቦታ፦

ከ«ቦታ» በኋላ ምንም አልተጻፈም።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንቆቅልሽ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ዳታቤዙ እያንዳንዱን መጋዘን ይዞ በዕቃዎቹ መስመር ላይ ያልፋል። ይህ ዕቃ ያለው ስድስት ቁጥር ነው? አይደለም። ይኸኛውስ? አይደለም። እንዲህ እያለ ኮርቻው ጋ ይደርሳል። የኮርቻው ቦታ አልተጻፈም። ስድስት ቁጥር ይሆን? ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እንግዲያው ስድስት ቁጥር ባዶ ነው ብዬ ልምል አልችልም ይልና ይተወዋል። ሰባት ቁጥርም እንደዚያው። አርባ ሦስቱም እንደዚያው። ያለበት ያልተነገረ አንድ ኮርቻ በአርባ ሦስት መጋዘን ጀርባ ላይ ተጭኖ ሲጋልብ ሰንብቷል ማለት ነው።

ለመሆኑ ቦታ ሳይሞላበት የሚያልፍ ቅጽ የሠራ ማነው? እሷ። ሐምሌ ላይ ቅርንጫፎቹ የመጋዘን ቁጥር ስላልደረሳቸው ለሁለት ቀን ብላ ከፈተችው፤ መዝጋቱን ረሳችው። ይህን ስታስታውስ የምትሰድበው ሰው አጣች። ከዚህ የበለጠ የሚያበግን ነገር የለም።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር። ቦታቸው ያልተሞላውን እለፋቸው የሚል መስመር ጥያቄው ውስጥ ጨመረች፤ አምስት ባዶ መጋዘን ወጣ። አራቱ የማይረቡ፣ አምስተኛው የዳንግላው ስድስት ቁጥር። መብራቱ መጥቶ ስለነበር አትማ እየሮጠች ገባች። አቶ ባንተአምላክ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ጠዋት ዜሮ ያለው አሁን አምስት ያለው ምን ተለውጦ እንደሆነ ጠየቋት። መዋሸት ትችል ነበር፤ እሳቸው ስለ ዳታቤዝ የሚያውቁት ማታ እንዲዘጋ ብቻ ነው። ግን ነገረቻቸው።

መሳቢያቸውን ሳቡ፤ መመሪያውን አወጡ፤ አንቀጽ አራትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላት። ለቀባሪ አረዱት።

«እለፋቸው ማለት ደብቃቸው ማለት ነው» አሉ። «ኮርቻው የት እንዳለ አምጪልኝና ልፈርም።»

«አንድ ኮርቻ እኮ ነው።»

«ዛሬ ኮርቻ ነው።»

የሚያቃጥለው ነገር ትክክል መሆናቸው ነው። ይህንኑ ክርክር እሷ ብትይዘው ከሳቸው አሳምራ በተከራከረችው ነበር።

ለዳንግላው መጋዘን ኃላፊ ለአያ ይኸነው ደወለችላቸው። በአራተኛው ሙከራ ኔትወርኩ ተገኘ። ስለ ኮርቻው ስትጠይቃቸው ይኸ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም ብለው ዘጉት። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ወርዳ አበረን ሁለት አይሱዙ ፈልጎ፣ ዘሩን ጭኖ፣ ወደ ዳንግላ እንዲከተላት ነገረችው። ተፈርሞ እንደሆነ ጠየቃት። አልተፈረመም አለችው።

«ዳንግላ ደርሼ ባይፈረምስ?»

«እዚያ ትበሰብሳለሃ። እዚህስ ምን እየሠራህ ነው?»

አበረ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለና ላስቲኩን አራግፎ ሄደ።

የዳንግላው ሚኒባስ ለአሥራ ሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ አሥራ ሰባት ከያዘ በኋላ ሾፌሩ ቦታ አለ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ እያለ ሁለት ሰው ጨመረ። በዚህ ዞን ባዶ ቦታ የማይጠፋው ሚኒባስ ውስጥ ብቻ ነው ስትል አሰበች። በአዲስ ቅዳም በኩል መንገዱን ይዞ የተደረደረው የከሰል ጆንያ በዝናብ ጠቁሮ ተጨማልቋል። ማናለብሽ ይህን አላየችም። በልቧ ንግግር እያሰናዳች ነበር። ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ሥርዓት፣ ስለ ሃያ ስድስት አባወራ፣ ስለ አንድ ሰው ቸልተኝነት። ዳንግላ ስትደርስ ንግግሩ ሞልቶ ሊፈስ ደርሶ ነበር።

አያ ይኸነውን ሁለት ቁጥር መጋዘን ደጃፍ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከጫኞቹ ጋር በአውኝኛ እያወጉ አገኘቻቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የዚህን ግቢ ቁልፍ ይዘዋል። ቁልፎቹን በጠፍር አስረው ኮታቸው ውስጥ ያንጠለጥሏቸዋል፤ ሲራመዱ እንደ በቅሎ ይንሿሿሉ። እሷን ሲያዩ ተነሡ፤ አማርኛቸውን አስቀደሙ፤ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቋት። አልበላሁም፣ የምበላበትም ጊዜ የለኝም አለች፤ ንግግሯንም ለቀቀችው።

አንድም ነገር አላስቀረችም። ጫኞቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ራቅ አሉ። አያ ይኸነው ግን መጨረሻውን ጠበቁ።

«ጨረስሽ ልጄ?»

«አልጨረስኩም። ግን ይመልሱልኝ።»

የመለሱላት እንዲህ ነው። ኮርቻው ከእንጅባራም ከዳንግላም ስሙ ይጠራ የነበረ አንድ ፈረሰኛ ትቶት የሞተው ነው። ሁለት ልጆች አሉት። ታላቁ፣ ምህረቴ የሚባለው፣ የአባቴ ኮርቻ ለበኵር ነው ይላል፤ ታናሹ አባቴን ያስታመምኩ እኔ ነኝ፣ ኮርቻውም የኔ ነው ይላል። ባለፈው ጥር በአገው ፈረሰኞች በዓል ማን ይቀመጥበታል በሚል ዱላ ተማዘዙ። ሽማግሌዎች ገቡ። ነገሩ እስኪያልቅ ኮርቻው ከሁለቱም እጅ ወጥቶ በሦስተኛ ሰው ዘንድ በአደራ እንዲቀመጥ፣ ያለበትንም ከባለአደራው በቀር ማንም እንዳያውቅ ወሰኑ። ባለአደራው አያ ይኸነው ሆኑ። የመኖሪያ ቤታቸውን ግን ወንድማማቾቹ ያውቁታል፤ ስለዚህ ማንም ወደማይደፍረው ግቢ፣ ወደ መጋዘኑ አመጡት።

«ቦታውን ብጽፈው ማን ማን ነው የሚያየው?» ሲሉ ጠየቋት።

«ሁሉም ቅርንጫፍ።»

«የአዲስ ቅዳም ቅርንጫፍ ጸሐፊ የታናሽየው ሚስት ናት።»

ማናለብሽ በሌላ በኩል መጣች።

«ታዲያ ለምን መዘገቡት? የዩኒየኑ ዕቃ አይደል፤ ዝም ቢሉስ?»

«በጣራችን ሥር ያለ ነገር መርፌም ቢሆን ይመዝገብ ብለሽ እዚህ ቆመሽ የለፈፍሽው አንች አይደለሽም?»

«እሺ፣ የውሸት ቁጥር ይጻፉ ነበራ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ብቻ ጣሉባት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በውሸት ላይ ስትዘምት የኖረች ሴት፣ ከእንጅባራ ዳንግላ ድረስ በሚኒባስ ተጣብቃ፣ አንድ ሐቀኛ ሰው ለምን አልዋሸህም ብላ ልትወቅስ መምጣቷን ለመረዳት የዚያን ያህል ጊዜ ወሰደባት።

እውነቱ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። በዚያ ዳታቤዝ ውስጥ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጋ መስመር አለ። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ሐሰት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አንዱ የአማቹን በቆሎ ማዳበሪያ ብሎ ጽፏል፤ ሌላው ያልመጣውን መጣ ብሏል። ከነዚህ አንዱም ጥያቄውን አላበላሸም። ውሸት ቅጹን ይሞላል፣ ቁጥሩ ይገጥማል፣ ሲስተሙ አመስግኖ ያሳልፈዋል። አርባ ሦስቱን መጋዘን የዘጋው አንድ የማልናገረውን አልናገርም ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሲስተም የሠራ ሰው ይገረፍ ቢባል ማናለብሽ ጀርባዋን ለመስጠት የሚያስችል እልህ ይዟት ነበር።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። አበረ ደወለ፤ አዲስ ቅዳምን አልፈዋል። ከበላዩ ያሉትን ጆንያዎች ሲያነሡ ከሥር ስድስት ጆንያ ሙሽሽ ብሎ እንዳገኙት ነገራት። ምን ልትለው ነው? ኑ አለችው።

«አያ ይኸነው፣» አለች ስልኩን ዘግታ፣ ድምጿ ወርዶ፤ «አሁን ለኔ አይንገሩኝ። ግን ሰው ኮርቻው የት ነው ብሎ ሲጠይቅዎ ምን ይሉታል?»

«እኔ ዘንድ ነው እለዋለሁ።»

«የት እርስዎ ዘንድ?»

«እኔ ዘንድ ነዋ። ሽማግሌዎቹ ዳንግላ መጋዘን ይቀመጥ አላሉም፤ ይኸነው ዘንድ ይቀመጥ ነው ያሉት። ዛሬ እዚህ ባደርገው፣ ነገ እዚያ ባዞረው፣ በጫንቃዬ ተሸክሜው ብዞር፣ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ቢጠፋም የጠፋው እኔ ዘንድ ነው። መጋዘን ይጠየቃል እንዴ?»

ማናለብሽ ቀስ ብላ ዞረች። ከዚያ ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ ከፈተችው።

የመጋዘኖቹን ዝርዝር አወጣች። አርባ አራተኛውን ለመጨመር «አዲስ ቦታ መዝግብ» የሚለውን ነካች። ስም፦ ይኸነው። ከተማ፦ ዳንግላ። ቅጹ ስፋት በካሬ ሜትር ሳይሞላ አላሳልፍም አላት፤ ይህኛውን ግን ሳይሞላ እንዳያልፍ ዘግታው ነበር፤ የማይፈለገው ላይ ንቁ ነች። አንድ ብላ ጻፈች። የመያዝ አቅም በኩንታል ጠየቃት።

«አያ ይኸነው፣ ስንት ኩንታል ይሸከማሉ?»

«ዱሮ ነው ዘንድሮ?»

አሁንም አንድ ብላ ጻፈች። ከዚያ የኮርቻውን መስመር ከፍታ በ«ቦታ» ፊት «ይኸነው» የሚለውን መረጠች። ጣቷን ግን ወዲያው አላነሳችም።

«አንድ ነገር ብቻ። የሚፈረመው ወረቀት ስድስት ቁጥር ባዶ ነው ይላል። ወለሉ ላይ ምንም የለም?»

«መሬት የነካ ነገር የለም።»

ከፊታቸው የስድስት ቁጥር በር ተከፍቶ ነበር። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሲሚንቶ ነው። ማናለብሽ ወደ ጣራው ማገሮች ቀና ልትል አንገቷ ተንቀሳቀሰ። ሁሉን ነገር ካላየሁ፣ ካልቆጠርኩ፣ ካልመዘገብኩ የምትል ሴት ናት፤ ለዚህም ነው ሰው የማይወዳት። እንደምንም ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ አቆየችው።

ያን የጨመረችውን መስመር ከጥያቄው አወጣችው። እንደ ጠዋቱ፣ ምንም ሳይደበቅ፣ ጥያቄውን ላከች። አምስት ባዶ መጋዘን። ቦታው ያልተሞላ ዕቃ፦ ዜሮ። ዝርዝሩን በቴሌግራም ወደ እንጅባራ ሰደደችው፤ አንድ መስመር የምታህል መልእክት ለመሄድ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። አቶ ባንተአምላክ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ፈርመው መለሱ። ኮርቻው የት እንደተገኘ አልጠየቁም። ቅጹ ላይ ባዶ ሆኖ የቀረ ነገር አልነበረም፤ ለሳቸው ይህ ይበቃል።

አይሱዙዎቹ የገቡት ፊርማው ከደረሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። ጫኞቹ ዘሩን ወለሉ ላይ በስሱ ዘረጉት፤ አበረ እየተንበረከከ የሻገተውን እየለቀመ ያወጣል። ሲጨርስ መቶ አሥሩ መቶ ሦስት ሆኖ ነበር። ሰባቱን ኩንታል በር ላይ ከምሮ ጥቂት ቆሞ አየው። ከዚያ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወደ ማናለብሽ መጣ።

«ሦስት ቀን ቦታ የለም ሲል የነበረው እሱ ነው?» አለ ላፕቶፑን በአገጩ እያሳየ።

«እሱ ነው።»

«አሁን አለ የሚለውም እሱ?»

«እሱው።»

«ለሰባቱ ኩንታልስ ማን ይጠየቃል?»

ማናለብሽ ጥፋቱ የኔ ነው ልትል ፈለገች፤ ግን ይህ ለአበረ አንዲት ድንች አይሆነውም። በዚያው ሳምንት ከዩኒየኑ ከራሱ ዘር ሰባት ኩንታል ለዘንገና ገበሬዎች እንዲተካ አስጽፋ፣ ሦስት ቢሮ ዞራ፣ ከሁለት ሰው ጋር ተጣልታ አስፈረመች። ቅጹንም ዘጋችው፤ ከእንግዲህ ቦታ ሳይሞላ የሚያልፍ ዕቃ የለም። የሰዎችን ስም ግን ከቦታዎቹ ዝርዝር አላወጣችም።

ጥር ላይ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ጨረሱ። ኮርቻው ለምህረቴ ሆነ፤ የሚቀመጡበት ግን ሁለቱ ወንድማማቾች በየዓመቱ እየተፈራረቁ ነው። አያ ይኸነው ዕቃው ወጪ መሆኑን በሥርዓቱ መዘገቡ። የዘንገና ድንች በስድስት ቁጥር ወለል ላይ ዓይን ማውጣት ጀምሮ ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ አቶ ባንተአምላክ ማናለብሽን አስጠሯት። ጠረጴዛቸው ላይ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ተዘርግቷል፤ ርእሱ «አገልግሎት የማይሰጡ የማከማቻ ቦታዎች» ይላል። በአራተኛው ረድፍ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምረዋል፦ ይኸነው፣ ዳንግላ፣ አቅም አንድ ኩንታል፣ ከጥር ጀምሮ ባዶ።

ይህ ቦታ ለምን ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ በጽሑፍ እንዲብራራላቸው ጠየቁ። በልጅነቷ እንደተማረችው እስከ አሥር ቆጠረች። አልሠራም። ወጥታ ለአያ ይኸነው ደወለች፤ የተባለውን ቃል በቃል አነበበችላቸው፤ ምን ብዬ ልጻፍላቸው አለች።

ሽማግሌው እየተራመዱ ነው። ቁልፎቻቸው ሲንሿሹ በስልኩ ይሰማል።

«ሌሎች የሚጣሉ ወንድማማቾች እስኪመጡ ነው በያቸው» አሏት።

እሷም እንደዚያው ጻፈች።